የመሣሪያን ስም ማን ያወጣዋል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር ስለ ሰው ስም የተነገረ ነው። ሕፃን ሲወለድ ስም ይወጣለታል፤ አድጎም ጠባዩና ዕድሉ ከስሙ ጋር የተስማማ እንደ ሆነ፥ ስሙን ያወጣለት መልአክ ነው ተብሎ ይደነቃል። በእጃችን የምንይዛቸውን፥ በጠረጴዛችን ላይ የምናኖራቸውንና በየመንገዱ የምናያቸውን መሣሪያዎች ስም ያወጣው ግን ማን ነው? ታሪክን የመረመረ ሰው የሚያገኘው መልስ የሚያስገርም ነው። አብዛኛውን ስም ያወጣው ሊቅ ወይም ሹም ሳይሆን፥ ነጋዴው፥ ወታደሩ፥ የቀን ሠራተኛውና ቀልደኛው ተማሪ ነው።

ይህ ነገር ለአንዳንድ ሰው ቀላል ጨዋታ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ ልጅ «ሊንኩን ሼር አድርጌልሻለሁ» ሲል እናቱ ካልገባት፥ በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች ሳይግባቡ መዋል ጀምረዋል ማለት ነው። ከዚህም አልፎ፥ የቃሉን ትርጉም ያልተረዳ ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ላይ፥ የመሣሪያ ስሞች ከየት እንደ መጡና ትርጉማቸው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ለመጻፍ ፈለግሁ። የአገራችንን ነገር በዓመተ ምሕረት፥ የውጭውን አገር ነገር ግን በአውሮፓ አቈጣጠር አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ስልክን እንውሰድ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1894፥ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መሥመር መዘርጋት ተጀመረ። አውሮፓውያን ይህን መሣሪያ «ቴሌፎን» ይሉታል፤ «ቴሌ» በግሪክ ቋንቋ ሩቅ፥ «ፎን» ደግሞ ድምፅ ማለት ነው። የአገራችን ሰው ግን የግሪኩን ስም ትቶ፥ በዓይኑ ያየውን ነገር ስም አደረገው። ያየውም በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ደጋውንና ቈላውን አቋርጦ የሚሄደውን ሽቦ ነበር። ክር ወይም ሽቦ በዐረብኛ «ሲልክ» ይባላል፤ እኛም «ስልክ» አልነው። ተናጋሪው ሳይታይ ድምፁ ብቻ መሰማቱን አንዳንድ ሰዎች የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙት ይተረካል። ክርክሩ አለፈ፤ ስሙ ግን ቀረ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው መሣሪያ አንድ ስንዝር የመሥመር ሽቦ የለበትም፤ እኛ ግን እስከ አሁን ድረስ «ሽቦ» እያልን እንጠራዋለን ማለት ነው።

የባቡርም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። «ባቡር» የሚለው ቃል ከፈረንጆች ቋንቋ ተነሥቶ በዐረቦች አፍ አልፎ የመጣ ሲሆን፥ የመጀመሪያ ትርጉሙ እንፋሎት ነው። ስለዚህ በዚያን ዘመን በእንፋሎት የሚሠራ ነገር ሁሉ ባቡር ይባል ነበር። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣውን የመንገድ መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎታል፤ እህል የሚፈጨውንም መኪና «ባቡር ወፍጮ» እያሉ የሚጠሩ አሉ። በ2009 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እስከ ጂቡቲ የተመረቀው አዲሱ መሥመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። እንፋሎቱ ጠፍቶ «እንፋሎት» የሚለው ስም ብቻ ይጓዛል።

«መኪና» የሚለው ቃልም በመጀመሪያ ማናቸውንም መሣሪያ የሚያመለክት ነበር። የልብስ ስፌት መኪና፥ የጽሕፈት መኪና የምንለው ስለዚህ ነው። በ1900 ዓ.ም. ግድም አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን፥ በጎዳና የሚሄደው ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ስለ ታየና ስለ ተሰማ ስሙን ለብቻው ወሰደው። ዛሬ «መኪና ገዛ» የተባለውን ሰው የስፌት መኪና ገዛ ብሎ የሚተረጉም የለም።

በ1921 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው አውሮፕላን በአዲስ አበባ አረፈ። ስሙን ከፈረንሳይኛ እንዳለ ተቀበልነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር እናያለን። መሣሪያውን በባዕድ ስም ብንቀበልም፥ በዙሪያው ላለው ሥራ የራሳችንን ቃል አበጀን። የሚያሽከረክረውን «አብራሪ» አልነው፤ የሚያርፍበትን «አውሮፕላን ማረፊያ» አልነው፤ በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመውንም ድርጅት «አየር መንገድ» አልነው። እነዚህን ስሞች የሰማ ገበሬ፥ ትምህርት ቤት ሳይገባ እንኳ ትርጉማቸውን ያውቃል። «አብራሪ» የሚለው ቃል መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም፤ ትርጉሙን በራሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና። በነገራችን ላይ «አየር» የሚለውም ቃል በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የገባ ነው። ስለዚህ ባዕድ ቃል ሁሉ ይውጣ ብንል፥ የምንተነፍሰውን ነገር እንኳ የምንጠራበት ስም እናጣ ነበር።

እንግዲህ መሣሪያዎቹን የሠሩት ሕዝቦችስ ስሙን በጉባኤ ተቀምጠው፥ መክረውና መርምረው አውጥተውት ይሆን? እነርሱም እንደ እኛው ናቸው።

ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፥ ሰዎች ሲነጋገሩ መርከበኞች የሚጠራሩበትን «አሆይ» የሚለውን ቃል እንዲሉ ይወድ ነበር። ቶማስ ኤዲሰን ግን በ1877 በጻፈው ደብዳቤ «ሄሎ» የሚለው ይሻላል አለ፤ ሕዝቡም የኤዲሰንን መረጠ። አባቶቻችን ሲጠሩ «አቤት» ይሉ ነበር፤ ስልክ ሲያነሡ ግን «ሃሎ» አሉ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው «ኦኬ» የሚለውም ቃል በቀልድ የተወለደ ነው። በ1839 በአሜሪካ በቦስቶን ከተማ ጋዜጠኞች ቃላትን ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል እየጻፉና እያሳጠሩ ይጫወቱ ነበር። «ሁሉም ትክክል ነው» የሚለውን የእንግሊዝኛ አነጋገር እንዲሁ አጣመው ሁለት ፊደል አደረጉት። ከብዙዎቹ ቀልዶች ይህ አንዱ ዕድሜ አግኝቶ በየአህጉሩ ተሰራጨ።

ዛሬ ወጣቶች በስልክ ሲጻጻፉ ቃል ያሳጥራሉ ተብለው ይነቀፋሉ። «ሎል» የሚሉትም «ጮክ ብዬ ሣቅሁ» የሚለው የእንግሊዝኛ አነጋገር የመጀመሪያ ፊደሎች ናቸው። ነገር ግን ማሳጠር የዛሬ ልጆች ፈጠራ አይደለም። በቴሌግራም ዘመን ክፍያው በቃል ቍጥር ስለ ነበረ ሰው ሁሉ አሳጥሮ ይጽፍ ነበር፤ የቴሌግራፍ ሠራተኞችም «መልካም ሰላምታ» ለማለት 73 የሚለውን ቍጥር ብቻ ይልኩ ነበር። እኛም በየቀኑ «ዓ.ም.»፥ «ት/ቤት»፥ «ወ/ሮ» ብለን ስንጽፍ ማንም አይነቅፈንም። ስለ ቴሌግራም ካነሣን ደግሞ፥ ይህ ስም ራሱ ዛሬ ሁለት ትርጉም አለው። ለአያቶቻችን በፖስታ ቤት በኩል የሚመጣ አስቸኳይ ወረቀት ነበር፤ ለእኛ ግን ከ2013 በአውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ የምንጻጻፍበት የስልክ ፕሮግራም ነው። አያትና የልጅ ልጅ «ቴሌግራም ደረሰኝ» ቢባባሉ፥ አንዱ ስለ ሐዘን ሌላው ስለ ሥዕል ሊያስቡ ይችላሉ።

ወደ ኮምፒዩተር እንለፍ። ይህ ቃል ከመሣሪያው በፊት የሰው ሥራ ስም ነበር። ለከዋክብት ምርምርና ለመርከብ ጉዞ የሚያስፈልገውን ሒሳብ በእጅ የሚሠሩ ሰዎች በእንግሊዝኛ «ኮምፒዩተር» ይባሉ ነበር፤ በእኛ አነጋገር «ቀማሪ» እንደ ማለት ነው። መሣሪያው ሥራቸውን ሲወስድ ስማቸውንም ወሰደ።

በኮምፒዩተር ሥራ ውስጥ የሚፈጠር ስሕተት «ባግ» ይባላል፤ ትርጉሙም ተባይ ነው። ብዙ ሰዎች ይህ ስም የተወለደው በመስከረም 9 ቀን 1947 ነው ይላሉ። በዚያን ቀን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሁለት በተባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ገብታ ሥራውን አበላሽታ ተገኘች፤ ሠራተኞቹም በሥራ መዝገባቸው ላይ ለጠፏት። ታሪኩ እውነት ነው፤ ስሙ ግን ከዚያ ቀን በፊት የነበረ ነው። ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ የመሣሪያን ጕድለት በዚህ ስም ጠርቶት ነበር። በ1947 የነበሩት ሠራተኞች የቀለዱት፥ በስም ብቻ ይጠራ የነበረው ተባይ አሁን በአካል ተገኘ ብለው ነው። እንዲህ ያለውን ማረም ለታሪክ ተማሪ ይጠቅማል፤ የሚያምር ታሪክ ሁሉ የቃሉ ምንጭ አይደለምና።

«ስፓም» የሚለው ስም ደግሞ በ1937 በአሜሪካ የወጣ የቈርቈሮ ሥጋ ስም ነው። በ1970 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በቀረበ ቀልድ፥ በአንድ ምግብ ቤት የሚቀርበው ሁሉ ይህ ሥጋ ያለበት ሆኖ፥ ስሙ እስኪያሰለች ድረስ ይደጋገማል። ከዚያ በኋላ በኮምፒዩተር የሚነጋገሩ ሰዎች፥ ሳይጠየቅ እየተደጋገመ የሚመጣውን የማይፈለግ መልእክት በዚህ ስም ጠሩት። «ሮቦት» የመጣው ከቼክ ቋንቋ ነው፤ ደራሲው ካሬል ቻፔክ በ1920 በጻፈው ተውኔት የተጠቀመበት ሲሆን፥ የግዳጅ ሥራ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። «ኢሞጂ» ጃፓንኛ ነው፤ «ኤ» ሥዕል፥ «ሞጂ» ፊደል ማለት ነው፤ እኛ «የሥዕል ፊደል» ልንለው እንችላለን። «ሚም» የሚለውን ቃል የሥነ ሕይወት ሊቁ ሪቻርድ ዶኪንስ በ1976 ከግሪክ አወጣው፤ ከሰው ወደ ሰው በመቅዳት የሚተላለፍ አሳብ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ከእጅ ወደ እጅ ለሚዞር አስቂኝ ሥዕል ስም ሆኗል።

ከእነዚህ ሁሉ ዕድሉ የጠመመበት «ሃከር» የሚለው ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ትንንሽ ባቡሮችን እየሠሩ የሚጫወቱ ተማሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል መሣሪያን ከፈታቶ፥ መርምሮና ብልሃት ፈጥሮ የሚያሻሽል ጓደኛ በዚህ ስም ይመሰገን ነበር። ኋላ ግን ጋዜጦች በሰው ኮምፒዩተር ሰብሮ የሚገባውን ሌባ በዚሁ ስም ስለ ጠሩት፥ የምስጋናው ስም የስድብ ስም ሆነ። ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ቢከራከሩም ሕዝቡን አልመለሱትም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፥ ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ተከተለ። ፊደላችን ደግሞ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ፊደላችን በየስልኩ እስኪገኝ ድረስ ብዙ ጊዜ አለፈ፤ ስለዚህ ሰዎች አማርኛቸውን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመዱ። ዛሬ ግን ፊደሉ በእጃችን አለ። ልማዱ እንጂ ችግሩ አልቀረም።

አማርኛ አዲሶቹን ቃላት የተቀበለበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ባዕዱን ቃል እንዳለ ወስዶ «አደረገ» የሚለውን ግስ መጨመር ነው፤ ሼር አደረገ፥ ላይክ አደረገ፥ ብሎክ አደረገ እንላለን። ሁለተኛው ለአሮጌ ቃል አዲስ ሥራ መስጠት ነው። ጫን፥ አውርድ የሚሉት ቃላት ለብዙ ዘመን የአህያና የበቅሎ ነጂዎች ቃላት ነበሩ፤ ዛሬ ፕሮግራም እንጭናለን፥ መጽሐፍ ከኢንተርኔት እናወርዳለን። ድርም እንዲሁ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 በአውሮፓ አቈጣጠር ያሰበው፥ ገጾችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ሥርዓት በእንግሊዝኛ በሸረሪት ድር ስም ይጠራል፤ እኛም «ድረ ገጽ» አልን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ለሚል ሕዝብ ይህ ስም እንግዳ አይሆንበትም።

የአራዳ ልጆች ቋንቋም በዚሁ ላይ ተጨምሯል። አራዳ በጥንት በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ገበያ ስም ነው፤ ገበያ የዋለ ሰው ንቁ ስለሚሆን ስሙ ወደ ሰው ተላልፎ «ብልህ» የሚል ትርጉም አገኘ። በዚህ ቋንቋ ሽማግሌው «ሼባ» ይባላል፤ ቃሉም ከሽበት ጋር የሚዛመድ ይመስላል። «ሙድ» በእንግሊዝኛ የልብ ሁኔታ ማለት ሲሆን፥ በአራዳ «ሙድ ያዘበት» ከተባለ ግን ቀለደበት ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ እንግሊዝኛ ነውና ትርጉሙን ዐውቃለሁ የሚል ሰው ይሳሳታል። ቃል አገር ሲለውጥ ትርጉምም ይለውጣል።

እስከዚህ የጻፍሁት ለዕውቀት ብቻ ቢመስልም፥ ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር፥ እንዲሁም በልዩ ልዩ ባንኮች አገልግሎት፥ ገንዘብ በስልክ ይላካል። ጉሊት የምትቸረችረው እናት ሳትቀር ገንዘቧን በስልኳ ትይዛለች። በዚህም ምክንያት «ፒን»፥ «ኮድ»፥ «ሊንክ» የሚባሉት ቃላት ከኮምፒዩተር ባለሙያ አፍ ወጥተው በእርሷ ደጅ ቆመዋል። አታላይ ሰው ደውሎ «ፒንዎን ይንገሩኝ» ቢላት፥ «ፒን» ለእርሷ ምንም የማይናገር ድምፅ ነው፤ ልትነግረው ትችላለች። «የምሥጢር ቍጥርዎን ይንገሩኝ» ቢላት ግን ስሙ ራሱ ያስጠነቅቃታል፤ ምሥጢር ለማያውቁት ሰው አይነገርምና። «የይለፍ ቃል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ወታደር በሌሊት ጥበቃው ላይ የይለፍ ቃል የማያውቀውን አያሳልፍም፤ ቃሉንም ለጠላት አይናገርም። «ሊንክ» ለሚሉትም «ማስፈንጠሪያ» የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ የተስፈነጠረ ሰው የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት ስሙ ይነግረዋል። ከላይ ስለ «አብራሪ» የተናገርሁት ይኸው ነው። መልካም ስም ከነትርጉሙ የሚሄድ ስም ነው፤ ደካማውንም ይጠብቃል።

ታዲያ ሊቃውንት ስም ያውጡልን ብለን ዝም እንበልን? በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ አካዳሚ ተቋቁሞ፥ እርሱና የተተኩት ተቋሞች ለሳይንስ ቃላት የአማርኛ ስም ለማውጣት ብዙ ደክመዋል። ውጤቱ ግን የተለያየ ነው። «በይነ መረብ» በጋዜጣና በራዲዮ ቦታ አግኝቷል። ለኮምፒዩተር «መቀምር» የሚለውን ስም ያቀረቡም አሉ፤ ገበያው ግን «ኮምፒዩተር» ብሎ ቀረ። ከዚህ የምንማረው ስም የሚጸናው በትእዛዝ እንዳልሆነ ነው። ስሙ አጭር ከሆነ፥ ሰው ከሚያውቀው ሥራ ከወጣ፥ ዕቃው ገና አዲስ ሳለም ከደረሰ ይጸናል፤ ዘግይቶ የመጣ ስም ግን ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። ለማዘግየትም ለማፍጠንም ሥልጣን ያለው ተናጋሪው ሕዝብ ነው፤ ከሕዝቡም ውስጥ አዲሱን ዕቃ ቀድሞ የሚይዘው ወጣቱ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ባዕድ ቃል ተናገራችሁ ብዬ አልወቅሳችሁም፤ ስልክና ባቡርም ባዕድ ነበሩ። ነገር ግን የምንናገረውን ቃል ለአያታችን በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ካልቻልን፥ ቃሉን እኛም ገና አላወቅነውም። በየክፍላችን አንድ ደብተር ይኑረን፤ አዲስ ቃል በሰማን ቍጥር ከየት እንደ መጣ፥ በቀላል አማርኛ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ በእርሱም ሰው እንዴት ሊታለል እንደሚችል እንጻፍበት። የተሻለ የአማርኛ ስም የመጣለትም በዚያው ላይ ያስፍር። መምህሮቻችን ይህን ደብተር ቢያርሙልን፥ ወላጆቻችንም ያልገባቸውን ቃል ያለ እፍረት ቢጠይቁን፥ ብዙ እንጠቀማለን። እናንተ ወላጆች ሆይ፥ መጠየቅን ውርደት አታድርጉት፤ እኛም ልጆቻችሁ ስንጠየቅ አንሣቅ። ቴሌፎንን ስልክ ያሉት አባቶቻችን አዲስ ነገር ባዩ ጊዜ አልፈሩትም፤ ተመለከቱት፥ ነኩት፥ ስምም አወጡለት። ነገ ለሚመጣውም መሣሪያ ስም ማውጣት የእኛ ተራ ነው።